ጥላ ያጣ ቡና

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ማለት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት መፀው በሚሉት ክፍለ ዓመት፣ ከጅማ ተነሥቶ ወደ አጋሮ የሚወስደውን 45 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ የሚሞቀውን ቡና ሲመለከት፣ ከአልጋው ራስጌ ስልኩን በትራይፖድ ላይ አቁሞ ጐንበስ ቀና እያለ የሚናገር ወጣት ቢያጋጥመው ዛሬ አይደነቅም። ቀድሞ የጅማ ቡና ወሬ ወደ ሌላው አገር የሚደርሰው በነጋዴውና በጭነት መኪና ሾፌሩ አፍ፣ ቢበዛ በሬዲዮ በሚነገረው የገበያ ዋጋ ነበር፤ አሁን ግን ለቃሚውም፣ አጣቢውም፣ ቀማሹም፣ በመንገድ ዳር ጀበናዋን ጥዳ ቡና የምትሸጠውም እኅት፣ እያንዳንዱ በየስልኩ የገዛ ራሱን ጉዳይ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ለዓለም ይናገራል። ሥራው የሚመሰገን ነው። የሚያሳዝነው፣ በአንድ መከር ስማቸው ሲነሣ ከነበሩት መካከል የብዙዎቹ ገጽ በሚቀጥለው መከር ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ነገሩ የሚሄድበትን መንገድ ለመረዳት ከእንዲህ ያሉት ወጣቶች የአንዱን ዓመት በዓይነ ልቡና ብንከተል ይበቃል። በጥቅምት መጨረሻ ከአጎቱ ማሳ የተለቀመውን ቀይ እሸት በሁለት እጁ አፍሶ ወደ ስልኩ ያቀርባል፤ አንዲቱን ፍሬ በጣቶቹ ጫን ሲላት ሁለቱ ነጫጭ ቡናዎች እያሙለጨለጩ ከቅርፊታቸው ይወጣሉ፤ ያቺን የሃያ ሴኮንድ ቪዲዮ፣ ያላሰበው ነገር ሆኖ፣ መቶ ሺሕ ሰው ያያታል። በማግሥቱ የሚያወጣውን ግን ሦስት ሺሕ ሰው ብቻ ያያል። ምን አጠፋሁ እያለ በሦስተኛው ቀን ሁለት ያወጣል፣ ከዚያም በቀን ሦስት ይሆናል። ሌሊቱን በካፕካት ሲቆርጥና ሲቀጥል ያነጋል፤ በጅማ ደግሞ ማንጋት አይቸግርም፣ ጫቱ በደጅ ነውና፤ ምርቃናው ሲመጣ ሐሳቡ ይጐርፋል፣ እንቅልፉ ይሸሻል፣ ጧት ተነሥቶ ሲያየው ግን የሌሊቱ ድንቅ ሐሳብ ግማሹ ለሰው የማይቀርብ ሆኖ ያገኘዋል። (ጫት ለኤዲት ያግዛል የሚለውን ክርክር ከወዳጆቼ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያነጋ እንደሆነ እንጂ ያሳመረውን ሥራ ገና አላየሁም።) ታኅሣሥ ሲያልቅ ቡናውም ተለቅሞ ያልቃል፣ የሚቀረጽ ነገር ይጠፋል። ወጣቱ ግን ማቆም ይፈራል፤ ስለዚህ በጥር በሰው ዘፈን ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ በየካቲት በላይቭ ከማያውቀው ሰው ጋር ባትል የሚሉትን የስጦታ ውድድር ይገጥማል፣ በመጋቢት የስልኩ ድምፅ ራሱ ያስጠላዋል።

ይህን ዓይነቱን ዝለት ሊቃውንቱ ከተራ ድካም ለይተው ያዩታል፤ ተራው ድካም ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ሲሆን፣ ይህኛው አብሮ ተኝቶ አብሮ የሚነሣ ነው። ስለ ነገሩ ቀድመው ከጻፉት የሥነ ልቡና ሊቃውንት አንዱ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው ጽሑፍ የተነሣው፣ በኒው ዮርክ ከተማ ያለ ክፍያ ሕክምና ይሰጥ ከነበረ ክሊኒክ ነው፤ በዚያ በፈቃዳቸው ከሚያገለግሉት ሰዎች መካከል ቀድመው የሚዝሉት ሰነፎቹ ሳይሆኑ፣ ልባቸውን በሙሉ ለሥራው የሰጡት መሆናቸውን አስተዋለ። ከእርሱ በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባለችው ተመራማሪ የዝለትን ጠባይ በሦስት ከፍላ አስረዳች፤ አንደኛው ኃይል ተሟጦ ማለቁ፣ ሁለተኛው ሰውየው ከሥራውና ከሚያገለግላቸው ሰዎች በልቡ እየራቀ፣ እየናቃቸውም መሄዱ፣ ሦስተኛው የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ነገሩን በመዝገቡ ሲያሰፍር፣ በሽታ ነው አላለም፤ በሥራ ላይ ሰንብቶ በወጉ ካልተገራ ጭንቀት የሚመጣ ሁኔታ ነው አለ እንጂ። እኔ ከሦስቱ ይልቅ የምፈራው ሁለተኛውን ነው። ድካምን ሰው ያውቀዋል፤ ትናንት «ውድ ቤተሰቦቼ» እያለ ይጠራቸው የነበሩትን ተመልካቾች ዛሬ «እነዚህ» ማለት የጀመረ ወጣት ግን ምን እንደ ነካው አያውቅም።

የገዳም መጻሕፍትን ያነበበ ሰው በዚህ ሁሉ እምብዛም አይገረምም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የነበሩት አበው፣ ሐኬት የሚሉትን ፈተና በቀትር ሰዓት የሚመጣ፣ ፀሐይቱ ከቦታዋ የማትነቃነቅ እስኪመስል ቀኑን የሚያስረዝም፣ መነኩሴውን ከበዓቱ አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሂድ ሂድ የሚያሰኝ አድርገው ጽፈውታል። ስለ አባ እንጦንስ የተነገረ አንድ ታሪክ አለ፤ አባታችን በበረሃ ተቀምጦ ሳለ ልቡ ታክቶ፣ ሐሳቡ ጨልሞበት፣ ምን ላድርግ ብሎ ቢጸልይ፣ እርሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ከዚያ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ሲታታ፣ ደግሞ ተነሥቶ ሲጸልይ አየ፤ ያም እርሱን ሊያቀና የተላከ መልአክ ነበረ። በዚህ ታሪክ ውስጥ መልአኩ ሥራህን አብዛ ወይም አሳንስ አላለም፤ ያሳየው መፈራረቅን ነው። ሁለቱም፣ እጅ የሚሠራበትም ልብ የሚያርፍበትም ሰዓት፣ የአንዱ ቀን ክፍሎች ነበሩ።

ለመሆኑ ያንን ወጣት በቀን ሦስት ቪዲዮ እንዲያወጣ ያዘዘው ማን ነው? አለቃ የለውም፤ የሚፈርምበት መዝገብም የለም። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከቻርልስ ፈርስተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የእርግቦች ነገር ተጽፏል፤ ሰሌዳውን በመንቁራቸው ስንት ጊዜ ሲመቱ ጥሬው እንደሚወርድላቸው የተወሰነላቸው እርግቦች፣ ጥሬውን ካገኙ በኋላ ጥቂት ያርፋሉ፤ ጥሬው በስንተኛው ምት እንደሚመጣ የማያውቁት ግን ሳያርፉ ይመታሉ። አንዱን ቪዲዮ መቶ ሺሕ፣ ሁለተኛውን ሦስት ሺሕ፣ ሦስተኛውን ምናልባት አንድ ሚሊዮን ሰው በሚያይበት ገበያ ውስጥ የሚውል ወጣት፣ ከእነዚህ ከኋለኞቹ እርግቦች ወገን ነው። ቲክቶክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 አሠራሩን ሲገልጽ፣ የተከታይ ብዛትም ሆነ ቀድሞ የወጣ ቪዲዮ ዝነኛ መሆን፣ አዲሱን ቪዲዮ ለሰው ለማቅረብ በቀጥታ የሚቆጠሩ ነገሮች እንዳልሆኑ ተናግሯል፤ የሚበልጠው ተመልካቹ እስከ መጨረሻው ማየቱና ለሌላ ማጋራቱ ነው። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ ቪዲዮ ከሞላ ጐደል ለብቻው ይመዘናል፤ አንዱ ቢወድቅ የሚቀጥለውን ይዞ አይወድቅም፣ አሥር ቢደረደርም አሥረኛውን ከፍ ለማድረግ ዋስትና አይሆንም። የዩቲዩብ የበላይ ኃላፊ የነበሩት ሱዛን ዎጅስኪም እ.ኤ.አ. በ2019 ለቪዲዮ ሠሪዎች በጻፉት ደብዳቤ፣ ዕረፍት ወስደው የተመለሱ ቻናሎች በአማካይ ከመሄዳቸው በፊት ከነበራቸው የበለጠ ዕይታ እንዳገኙ ገልጸው ነበር። የኩባንያን ቃል እንደ ወንጌል የምንቀበልበት ምክንያት የለም፤ ሆኖም ሰው እንዳያርፍ የሚፈልግ ሊመስለን የሚችለው ወገን እንዲህ ካለ፣ ወጣቱ ከራሱ በቀር የሚፈራው ሌላ ዳኛ ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

በጅማ ለሚኖር ሰው የዚህ ሁሉ ምሳሌ ከጓሮው አይርቅም። የአረቢካ ቡና በተፈጥሮው የጫካ ልጅ ነው፤ ከዋንዛ፣ ከሰሳና ከብርብራ ሥር፣ ፀሐይ በቅጠል ተጣርታ በምትወርድበት ቦታ የኖረ ዛፍ ነው። ጥላውን ቆርጠው ለፀሐይ ሲያጋልጡት መጀመሪያ ባለቤቱን እጅግ ያስደስተዋል፣ ምክንያቱም ቅርንጫፉ እስኪጐብጥ ያፈራል፤ ዳሩ ግን ማዳበሪያውና ውኃው በዚያው ልክ ካልተጨመረለት፣ ፍሬውን ለማሳደግ ሲል የግንዱንና የሥሩን ስንቅ ሳይቀር ያወጣና፣ ቅጠሉን አራግፎ፣ ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየደረቀ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት የሚለቀም ነገር አይገኝበትም። ደኅናውም ቡና ቢሆን አንድ ዓመት ሲሞላ በሚቀጥለው ይቀንሳል፤ ይህን የሚያውቅ ገበሬ በጐደለው ዓመት ዛፉን አይራገምም። ከዚህም በላይ የአበባው ነገር አለ። እንቡጦቹ በሐጋይ ወራት፣ ዝናብ በሚጠፋበት ጊዜ፣ ተዘግተው ይቆያሉ፤ በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ደኅና ዝናብ ሲወርድ፣ ከሳምንት ጥቂት አለፍ ብሎ ማሳው በአንድ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ያ የድርቅ ጊዜ ባይኖር አበባው ተበታትኖ በየሰሞኑ ጥቂት በጥቂት ይወጣ ነበር እንጂ እንዲህ አንድ ላይ አይፈነዳም። አርጅቶ ፍሬው ያነሰ ዛፍም አይነቀልም፤ የግብርና ባለሙያዎች ጉንደላ የሚሉት አለ፣ ይኸውም ግንዱን ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ትቶ በሰያፍ መቁረጥ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት መታገሥን ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከጉቶው የበቀለው አዲስ ቀንበጥ ያፈራል። አባቱ ቡናውን ጐንድሎ ሲጠብቅ እያየ ያደገ ወጣት፣ ገጹን ለሦስት ሳምንት መዝጋት የሞት ያህል ሲያስፈራው ማየት ለእኔ እንቆቅልሽ ነው።

ሳይዝሉ ለረጅም ጊዜ መሥራት እንደሚቻል ከአገራችን ታሪክ ምስክር ብጠራ፣ ከአባባ ተስፋዬ የሚቀድምብኝ የለም። ተስፋዬ ሳህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ዘመን አንሥተው ለ42 ዓመት ያህል የልጆችን ዝግጅት መርተዋል። ይህን ያህል ዘመን እንዴት ቻሉት ቢባል፣ የጉልበታቸውና የፍቅራቸው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ የአሠራራቸው ቅርጽ ራሱ ያገዛቸው ይመስለኛል። ልጆቹ የሚጠብቁት የተወሰነ ሰዓት ነበራቸው፤ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» የሚለው አጠራራቸው፣ ተረታቸው፣ ልጆቹን ማጫወታቸው፣ የታወቀ ሥርዓት ነበረው። በየጊዜው አዲስ መሆን ያለበት ተረቱ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሁሉ እንደ ቅዳሴ ሥርዓት በቦታው ይጠብቃቸው ነበር። በውጭው ዓለም ደግሞ እንግሊዛዊው ቶም ስኮት በዩቲዩብ ለአሥር ዓመት በየሳምንቱ ሰኞ አንድ ቪዲዮ ሲያወጣ ኖሮ፣ በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024፣ የሳምንት ሥራውን በገዛ ፈቃዱ አቆመ። ከእርሱ በተቃራኒ ካናዳዊቷ ኤል ሚልስ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሚሊዮን ተከታይ ያፈራችበት ሥራ በ19 ዓመቷ እንዴት እንደ ሰበራት በዕንባ የገለጸችበትን ቪዲዮ አውጥታለች። በሳምንት አንድ የሚለው ልክ ለሁሉ ይሠራል አልልም። እኔ የምመክረው፣ ወጣቱ ልኩን ሲወስን በደኅናው ሳምንት የሚችለውን ሳይሆን፣ መብራት በጠፋበት፣ ልቅሶ በተደረሰበት፣ ጉንፋን በያዘው ሳምንት የሚችለውን ቍጥር እንዲይዝ ነው። ያ ቍጥር ሁለት ከሆነ ሁለት ይሁን። በደኅናው ሳምንት የተረፈው ወደ ጐተራ ይግባ።

ጐተራ ያልሁት በቀጥታ የሥራውን ዘዴ ለማለት ነው። የቡና መፈልፈያ ጣቢያ በመከር ወራት የሚሰጠውን ነገር ሌላ ወር አይሰጥም፤ ስለዚህ ቀረጻው ከመከሩ ጋር ይሁን፣ ማውጣቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ይከፋፈል። አንድ ጧት ብቻ እንመልከት። ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ብርሃኑ ገና ለስላሳ ሳለ፣ ሌሊቱን የለበሰው ሸራ ከአልጋው ላይ ይገለጣል፤ ሴቶቹ በግራና በቀኝ ቆመው በመዳፋቸው ያገላብጣሉ፣ የጠቆረውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ነቀዝ የበሳውን እየለቀሙ በጐናቸው ባስቀመጡት ሳሕን ይጥላሉ፤ ደረቁ ቡና በእጃቸው ሥር ሲንሸራተት የሚሰጠው ሿሿታ፣ ሴቶቹ እርስ በርስ የሚጨዋወቱት፣ ከሩቅ የሚሰማው የመፈልፈያው ሞተር፣ ከማንኛውም የተለጠፈ ዘፈን የበለጠ ድምፅ ነው። በዚያው ጧት፣ ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቁ፣ አምስት ወይም ስድስት የተለያየ ነገር መቅረጽ ይቻላል፤ ሸራው ለምን እንደሚለብስና እንደሚገለጥ፣ ከነገለባው የሚደርቀው ጀንፈል ከታጠበው ቡና በምን እንደሚለይ፣ የተለቀመ እሸት ለምን በዚያው ዕለት መፈልፈል እንዳለበት፣ ለማድረቅ አንደኛው ሁለት ሳምንት ሲበቃው ሌላው እስከ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ለምን እንደሚፈልግ፣ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ግድም ሲወርድ በጥርሱ የሚነክሰው ሽማግሌ እንዴት እንደሚያውቅ። ለእያንዳንዱ ሦስት ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ፤ ሳይጽፉ ቀረጻ የሚወጡ ሰዎች አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ይናገሩና የሚደክሙት በቀረጻው ሳይሆን አሥሩን እየሰሙ ሲቆርጡ ነው። ከዚያ አንዱ ቀን ለቀረጻ፣ ሌላው ለኤዲት ይለይ፤ ያለቀው በድራፍት ይቀመጥ። ረዘም ያለ የዩቲዩብ ቪዲዮ ከተሠራም፣ ከእርሱ ውስጥ ለቲክቶክና ለፌስቡክ የሚሆኑ አጫጭር ቁራጮች ይወጣሉ፤ ለየመድረኩ አዲስ ነገር መፍጠር ግዴታ አይደለም።

ሐጋይ ሲገባ የሚነገር ነገር አለቀ የሚለውን ለቅሶ እኔ አልቀበለውም። ቢፈልጉት የነገር ድህነት በጅማ የለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ማሳውን ሲያጠፋ፣ የመልኮው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች በየጫካው ዞረው በሽታውን የቻሉትን ዛፎች ለይተው አወጡ፤ ዛሬ የውጭ አገር ቡና ጠጪዎች በከረጢት ላይ የሚያነቡት 74110 እና 74112 የተባለው ቍጥር የዚያ ዘመን ምርጫ ነው፣ 74 የሚለውም የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። ይህ ብቻውን የአንድ ወር ቪዲዮ ይወጣዋል። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር የጅሬን ቤተ መንግሥት፣ ቡና መጀመሪያ የተገኘብን እኛ ነን የምትለው የጎማዋ ቾጬ፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ፣ የጌራ ማር፣ ሁሉም ዝናብን የማይጠብቁ ናቸው። እነዚህን ለመሥራት ግን ማንበብና መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ማንበብ ደግሞ ለዛለ አእምሮ ከሚሰጡት ዕረፍቶች አንዱ ነው። ትዕግሥት የሚያፈራውንም ከዚሁ ከቡናው መማር ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቡናዎች አንደኛ ተብሎ የተፈረደለት የአጋሮው ዱሮሚና ማኅበር፣ ከተቋቋመ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ የሆነው የገበሬዎች ማኅበር ነበር። እንዲህ ላለው ቡና ቀይ ቀዩን ብቻ መልቀም የግድ ነው፤ ይህም በአንድ ዛፍ ሥር ደጋግሞ መመላለስን ይጠይቃል። ቅርንጫፉን ይዞ በአንድ ጊዜ የሚመለጥጥ ሰው ያልበሰለውን ከበሰለው ጋር ይወስዳል፣ ለከርሞ የሚያብበውንም እንቡጥ ይገነጥላል፤ ያለውን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማውጣት የሚቸኩል ቪዲዮ ሠሪም እንዲሁ ነው።

ስለ ኮሜንት ብዙ አልልም። የስድብ ገበያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በቀን አንድ ሰዓት ወስኖ ማየትና በቀረው ጊዜ የስልኩን ማሳወቂያ መዝጋት የሚበቃ ይመስለኛል። የላይቭ ባትልን ግን ለብቻው መጥቀስ ይገባል፤ ሌሊት በጩኸትና በልመና የሚገኝ ስጦታ ገንዘብ መሆኑ ባይካድም፣ በማግሥቱ ጧት ከቡና አልጋ አጠገብ ሊቆም የሚችል ሰው አያስተርፍም። ከዝለት የሚከተል ሌላም አደጋ አለ፤ የሚናገረው ያለቀበት ሰው ወሬ ያነሣል፣ ወሬው ሐሰት የሆነ ወይም ወገንን የነካ እንደሆነ በጥላቻ ንግግርና በሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ መጠየቅ ያደርሳል። መድረኩም ቢሆን የራስ ርስት አይደለም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም በአገራችን ታግደው በነበሩበት ጊዜ፣ ቪፒኤን ሳይጠቀሙ መግባት አልተቻለም ነበር፤ በእነዚያ አምስት ወራት ማንም ሰው በፈቃዱ ያልመረጠው ዕረፍት በግድ መጣ። ቪዲዮውን በሃርድ ዲስክ ያስቀመጠ ሰው ከዚያ በኋላ የሚጀምርበት አላጣም።

ብቻን መሥራት የዝለት አንደኛው በር ነው። በጅማ ገጠር ዳዶ የሚባል የሥራ መረዳዳት አለ፤ ዛሬ እኔ በአንተ ማሳ፣ ነገ አንተ በእኔ ማሳ። ይህንኑ ቪዲዮ ሠሪ ወጣቶች ለሥራቸው ቢያውሉት የሚከለክላቸው የለም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይቀርጻል፣ ኤዲት የሚወደው የሁለቱን ይቆርጣል፣ አንደኛው ለልቅሶ ወይም ለፈተና ሲቀር ሌላው በድራፍት ያለውን ያወጣለታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አካባቢ ይህን የመሰለ ሽርክና ለሚፈልግ፣ ካሜራ ያለው ተማሪ መፈለግ ብዙ አያደክምም።

እስካሁን ሸክሙን ሁሉ በወጣቱ ትከሻ ላይ ጫንሁ እንጂ፣ ከዝለቱ እኩሌታ የሚያህለው የሚመጣው ሥራው ያለ ዋጋ ከመሠራቱ ነው። ዩቲዩብ ረዣዥም ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠይቃል፣ ያም ፕሮግራሙ በተፈቀደባቸው አገሮች ነው፤ ከገጠር ከተማ በስልክ ለሚጀምር ሰው እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ በነጻ የሚጓዙት ነው። በሌላ በኩል ግን የዚያን ወጣት ቪዲዮ ወስዶ በገዛ ገጹ የሚለጥፍ ሆቴል፣ ቡናውን ለውጭ ገዢ ለማሳየት ሊንኩን የሚልክ ላኪ፣ ለጉባኤ መክፈቻ በስክሪን የሚያሳየው መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ ፎቶ አንሺውን ለሠርግ ሲጠሩ ዋጋ የሚነጋገሩ ሰዎች፣ ለቪዲዮ ሠሪው «ፕሮሞት እናደርግሃለን» ብለው ያልፋሉ። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ከመከሩ በፊት፣ መስከረም ላይ፣ ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ለአንድ ዓመት ቢዋዋሉ፣ በወር አራት ቪዲዮ፣ ዋጋው በቍርጥ፣ የመጓጓዣውና የዳታው ወጪ በማኅበሩ፣ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ምንም የማይጠየቅበት፣ ቪዲዮውም የሠሪው ስም ሳይጠፋ የሁለቱ ወገን ንብረት የሚሆንበት ውል ቢሆን፣ ለአንድ ኮንቴይነር ቡና ከሚያወጡት ወጪ ጋር ሲተያይ የማይሰማቸው ነው። ውሉን ለመጻፍ ጠበቃ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ይበቃል፣ በማኅበሩ ማኅተም።